የማኅበር ምርጫና የቅስቀሳ ወረቀት፦ ማን ምን ሊከለክል ይችላል?

የቀረበው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ «ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ ሆቴል በመስተንግዶ ክፍል እሠራለሁ። የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበራችን የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ምርጫ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይካሄዳል፤ እኔም ለሊቀመንበርነት ተጠቁሜአለሁ። ለምን እንደምወዳደር የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅቼ በልብስ መቀየሪያ ክፍልና በሠራተኞች መመገቢያ አደልሁ፤ አንዱንም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍሁ። ግማሹን ቅጂ ያባዛሁት የክፍል ኃላፊዬ ስለፈቀደልኝ በቢሮው ማሽን ነው። በማግሥቱ ነባሩ ኮሚቴ የማኅበሩ ማኅተም የሌለበት ወረቀት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ከሰሌዳው ላይ አነሳው፤ ከማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕም አስወጡኝ። የሰው ሀብት ኃላፊው ደግሞ ጠርቶ በሥራ ቦታ ወረቀት መበተን ከሥራ ያሰናብታል አለኝ። ሐሳብን መግለጽ ሕገ መንግሥታዊ መብቴ አይደለም ወይ? አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ እዚያ ማኅበሩ የተወዳዳሪውን ወረቀት ለአባላቱ እንዲያደርስ ሕግ ያስገድደዋል ይላል። እኔስ ይህንን መጠየቅ አልችልም?»

ጠያቂው ነባሩን ኮሚቴ በማኅበሩ ሒሳብ ጉዳይ የሚወቅሰውን ይህን ወረቀትና ዝርዝር ደብዳቤ ከጥያቄው ጋር አያይዘው ልከውልኛል፤ በደብዳቤው የአባላቱን ስልክ ዝርዝር ጠይቀው ኮሚቴው እንደከለከላቸውም ጽፈዋል፤ ምላሹ እነዚህንም ያነበበ ነው።

በመጀመሪያ መለየት ያለበት ነገር አለ። ከሦስት ወገኖች ጋር ያለዎትን ጉዳይ እንደ አንድ ጉዳይ አድርገው አይተውታል። አንደኛው አሠሪዎ ነው፤ ሁለተኛው ማኅበርዎ ነው፤ ሦስተኛው በወረቀቱ ላይ የተነሱት የኮሚቴ አባላት ናቸው። በእነዚህ በሦስቱ ፊት ያለዎት የመናገር መብት ስፋቱም ምንጩም የተለያየ ነው። በአሠሪው ፊት እርስዎ ከሚያስቡት በላይ የተጠበቁ ነዎት፤ በማኅበሩ ፊት ከሚያስቡት ያነሰ የተጻፈ መብት አለዎት፤ በሰዎቹ ፊት ደግሞ አሁን ባለው አኳኋን ወረቀቱ ራሱ ተከሳሽ ሊያደርግዎት ይችላል።

ስለ ሕገ መንግሥቱ ያነሡት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አያደርስዎትም። አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው ያለ ጣልቃ ገብነት ሐሳቡን በቃል፣ በጽሑፍ፣ በኅትመት ወይም በመረጠው ሌላ መንገድ የመግለጽ ነጻነት እንዳለው ይደነግጋል፤ አንቀጽ 42 የሠራተኞችን በማኅበር የመደራጀት መብት ያውቃል። አንዳንድ ባልደረቦቼ እነዚህ አንቀጾች መንግሥትን እንጂ ማኅበርን ወይም ሆቴልን አያስሩም ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቱም አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 2 ሕገ መንግሥቱን የማስከበርና ለእርሱ ተገዢ የመሆን ኃላፊነት ከመንግሥት አካላት በተጨማሪ በዜጎች፣ በፖለቲካ ድርጅቶችና በሌሎች ማኅበራት ላይም ጭምር አድርጎታል። ሆኖም የሥራ ክርክር የሚሰማ ዳኛ ውሳኔውን የሚመሠርተው በዕለት ተዕለት በሚሠራበት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ማኅበሩና አሠሪው በተፈራረሙት ኅብረት ስምምነታችሁና በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ላይ ነው። ስለዚህ በሚጽፉት አቤቱታ ሁሉ ሕገ መንግሥቱን በአንድ መስመር ጠቅሰው የቀረውን ገጽ በእነዚህ በሦስቱ ሰነዶች ላይ ይገንቡት።

ከአሠሪው እንጀምር። የሰው ሀብት ኃላፊው የነገሩዎት፣ በጥቅሉ ሲታይ፣ ስሕተት ነው። የአዋጁ አንቀጽ 26 የሥራ ውልን ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት ሊሆኑ የማይችሉ ነገሮችን ሲዘረዝር ሠራተኛው የማኅበር አባል መሆኑን ወይም በማኅበሩ ሕጋዊ እንቅስቃሴ መሳተፉን ያነሳል፤ ከዚያም አልፎ የሠራተኞች ተወካይ ለመሆን መፈለጉን ወይም ተወካይ ሆኖ መሥራቱን ለይቶ ይጠቅሳል። «ለመሆን መፈለጉን» የሚለው ሐረግ የተጻፈው ልክ እንደ እርስዎ ላለ ሰው ነው፤ ገና ያልተመረጠ፣ ነገር ግን ለመመረጥ የቆመ። ተመራጭ ከሆኑ በኋላ ብቻ ነው ጥበቃ የሚያገኙት የሚለው በሠራተኞች ዘንድ ተደጋግሞ የምሰማው አባባል መሠረት የለውም። በተጨማሪም አንቀጽ 14 አሠሪው ሠራተኛውን በኃይልም ሆነ በሌላ መንገድ የማኅበር አባል እንዲሆን ወይም እንዳይሆን፣ እንዲሁም በማኅበር ምርጫ ላይ ለአንድ ዕጩ ድምፁን እንዲሰጥ ወይም እንዳይሰጥ ማስገደድን ይከለክላል። አሠሪው በምርጫችሁ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ለእርስዎም ሆነ ለነባሩ ኮሚቴ።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ፤ ይህ አንቀጽ እርስዎንም ይመለከታልና። ግማሹን ወረቀት ያባዙት በክፍል ኃላፊዎ ፈቃድ በሆቴሉ ማሽን፣ በሆቴሉ ወረቀትና ቀለም ነው። ይህን በጥያቄዎ ውስጥ እንደ ተራ ነገር አልፈውታል፤ በእኔ እይታ ግን የጉዳይዎ ደካማው ጎን ይኸው ነው። ክፍል ኃላፊው የአሠሪው ወገን ነው፤ የአሠሪው ንብረት ለአንድ ዕጩ ቅስቀሳ ሲውል አሠሪው አንዱን ወገን ደገፈ ማለት ነው። ኢትዮጵያ በ1955 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 98 በሁለተኛው አንቀጹ የሠራተኛና የአሠሪ ድርጅቶች አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ ከመግባት እንዲጠበቁ ይጠይቃል፤ መንፈሱም ማኅበሩ የአሠሪው ጥገኛ እንዳይሆን ነው። ነባሩ ኮሚቴ ይህን ካወቀ «የማኔጅመንቱ ዕጩ» የሚል ስም ይለጥፍብዎታል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሒሳብ ሪፖርት የሚያነሱትን ጥያቄ የሚሰማ አይኖርም። ሰው ሀብት ክፍሉም ቢፈልግ «የድርጅቱን ንብረት ለግል ዓላማ ማዋል» ብሎ ሊያነሳው ይችላል፤ ኃላፊው በቃል ፈቅጃለሁ ያለው ነገር ደግሞ ሲጨንቀው የሚካድ ነው። የቀሩትን ቅጂዎች ይሰብስቡና ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ በራስዎ ገንዘብ አባዝተው ደረሰኙን ያስቀምጡ።

የሰው ሀብት ኃላፊው ንግግር ፍጹም ባዶ ያልሆነባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው ጊዜ ነው። ያው አንቀጽ 14 ሠራተኛው በኅብረት ስምምነት ከተመደበው ጊዜ ውጭ ወይም አሠሪውን ሳያስፈቅድ በሥራ ሰዓት ስብሰባ ማካሄዱን ይከለክላል። ወረቀት ማደል ስብሰባ አይደለም፤ ነገር ግን ተረኛ ሆነው የእንግዳ ጠረጴዛ ትተው አሥር ሰው በመመገቢያው አሰባስበው ካስረዱ፣ ያ ስብሰባ ነው የሚል ክርክር ይነሳብዎታል። ሁለተኛው ኅብረት ስምምነቱ ነው። አዋጁ በአንቀጽ 27 ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶችን ሲዘረዝር በመጨረሻ በኅብረት ስምምነት የተደነገጉ ሌሎች ጥፋቶችንም ያካትታል። በስምምነታችሁ ውስጥ «ያለ ፈቃድ ጽሑፍ መለጠፍ ወይም ማሠራጨት» የሚል ሐረግ ካለ አስቀድመው ይወቁት። ቢኖርም እንኳ ከአንቀጽ 26 ጋር ተጣጥሞ መነበብ አለበት፤ በስምምነት ስም ለማኅበር ሥልጣን መወዳደርን ጥፋት ማድረግ አይቻልም ብዬ እከራከራለሁ። ቢሆንም በዚህ ጉዳይ ላይ የመጀመሪያው ተፈታኝ እንዲሆኑ አልመክርዎትም፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በሠራተኞች መግቢያ በር ላይ ወይም በምሳ ዕረፍት ማደል ለእርስዎ ምንም አያጎድልብዎትም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቢሰናበቱ፣ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስንብቱ በአንቀጽ 26 በተከለከለ ምክንያት መሆኑን ካስረዱ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ እንዲመለሱ ያዛል፤ መመለስ ካልፈለጉ በካሳ መሰናበትን መምረጥ ይችላሉ። በሽምግልና ይፈታል ተብለው ሦስት ወሩን ያሳለፉ ሠራተኞች አጋጥመውኛል፤ ሽምግልናው ይርጋውን አያቆምላቸውም ነበር፤ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የማየውን ነገር እስካሁን አልለመድሁትም። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ክሱ ግን በጊዜው ይግባ።

አሁን ወደ ማኅበሩ እንለፍ፤ ጥያቄዎ በዋናነት የሚያርፈው እዚህ ነውና። አዋጅ 1156 አንድ ማኅበር የራሱ መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖረው፣ ደንቡም ከሌሎች ነገሮች ጋር የመሪዎችን የመመረጫ መስፈርት፣ የስብሰባና የምርጫ ሥነ ሥርዓትን፣ የገንዘብና የንብረት አያያዝን፣ እንዲሁም የዲሲፕሊን ሥነ ሥርዓትን እንዲይዝ ያዝዛል። ስለ ቅስቀሳ ጽሑፍ ግን ዝርዝር ነገር አልደነገገም፤ ማን ምን ማተም እንደሚችል፣ ማኅበሩ ወረቀቱን የማሠራጨት ግዴታ እንዳለበት፣ ሰሌዳውና ግሩፑ ለዕጩዎች እንዴት እንደሚከፋፈል የሚል አንቀጽ አያገኙም። ይህ ዝምታ በከፊል የታሰበ ነው። ከስምምነት 98 ጋር በዚያው በ1955 ዓ.ም. የጸደቀው ስምምነት ቁጥር 87 የሠራተኛ ድርጅቶች ደንባቸውን ራሳቸው የማውጣትና ተወካዮቻቸውን በሙሉ ነጻነት የመምረጥ መብት እንዳላቸው፣ የመንግሥት አካላትም ይህን መብት ከሚገድብ ጣልቃ ገብነት እንዲታቀቡ ይደነግጋል። መንግሥት የማኅበር ምርጫ ውስጥ እጁን ሲያስገባ የሚሆነውን የዚህ አገር ሠራተኛ በሦስት ሥርዓቶች አይቶታል፤ ስለዚህ ክፍተቱን ማኅበራት በደንባቸው እንዲሞሉት መተዉ ትክክል ነው እላለሁ። ችግሩ አብዛኞቹ ያልሞሉት መሆናቸው ነው። በእጄ ያለፉት የመሠረታዊ ማኅበራት ደንቦች ስለ ምርጫ የሚሉት የዕጩዎች ጥቆማ፣ የእጅ ማውጣት ወይም የምስጢር ድምፅና የምልዓተ ጉባኤው ቁጥር ላይ ያበቃል።

የወንድምዎ አባባል ስለ አሜሪካ ከሆነ ትክክል ነው። እዚያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 የወጣው የማኅበራት አሠራርና ተጠያቂነት ሕግ ማኅበሩ ማንኛውም ዕጩ በራሱ ወጪ የቅስቀሳ ጽሑፍ ለአባላት እንዲላክለት የሚያቀርበውን ምክንያታዊ ጥያቄ እንዲፈጽም፣ ለአንዱ የፈቀደውንም ለሌላው እንዳይነፍግ ያስገድዳል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው አቆጣጠር በ1991 በባሕር ላይ ሠራተኞች ማኅበር ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ የጥያቄው ምክንያታዊነት የሚመዘነው ማኅበሩ በራሱ ባወጣው የክልከላ ደንብ እንዳልሆነ ወስኗል። የሥራ ሚኒስቴሩ መመሪያ ደግሞ ማኅበሩ የጽሑፉን ይዘት የመመርመር ሥልጣን እንደሌለው ይናገራል። ያው ሕግ የማኅበሩም ሆነ የአሠሪው ገንዘብ ለየትኛውም ዕጩ ቅስቀሳ እንዳይውል ይከለክላል፤ ወንድምዎ ይህን ክፍል አልነገሩዎትም፤ የሆቴሉ ማሽን እዚያም ቢሆን ያስጠይቅ ነበር። ነገር ግን ይህ ሁሉ የአሜሪካ ሕግ ነው። ስታዲየም ላለ ማኅበር አይሠራም፤ በአቤቱታዎ ውስጥ እንደ ሕግ ከጠቀሱት የሚሰማዎት ሰው ቀሪውን ጭምር ይጠራጠረዋል። ጥቅም የሚሰጥዎት በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ጉባኤው ደንቡን ሲያሻሽል እንደ አብነት ሊነሳ ይችላል። ለአንዱ የተፈቀደ ለሁሉም ይፈቀድ የሚለው ሐሳብ ባሕር ማዶ ስለተጻፈ ለእኛ ባዕድ አይሆንም።

እንግዲህ ነባሩ ኮሚቴ ያደረጋቸውን ሦስት ነገሮች በዚህ ብርሃን እንያቸው። ማኅተም የሌለበት ወረቀት ሕገ ወጥ ነው መባሉ መሠረት የለውም፤ እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ማኅተም አንድ ጽሑፍ የማኅበሩ ቃል መሆኑን ያረጋግጣል፤ የአንድ ዕጩ የቅስቀሳ ወረቀት የማኅበሩ ቃል አይደለም፤ ስለዚህ ማኅተም ሊያርፍበት አይገባም። እርስዎም በወረቀትዎ አናት ላይ የማኅበሩን አርማ አድርገዋል፤ አውጡት። በዚያ ቦታ ስምዎን፣ የሚሠሩበትን ክፍልና «የዕጩ መግለጫ» የሚል ቃል ያስቀምጡ። ነባሮቹም ለዳግም ምርጫ ሲቀሰቅሱ ማኅተሙን፣ የማኅበሩን ደብዳቤ ወረቀት ወይም ከመዋጮ የተገኘን ገንዘብ ከተጠቀሙ፣ መዋጮው ለማኅበሩ ዓላማ ብቻ እንዲውል የሚያዘውን የደንባችሁን የገንዘብ አንቀጽ ጥሰዋልና በዚያ ሊጠየቁ ይገባል።

ሰሌዳው ሌላ ነው። የማኅበሩ ሰሌዳ የማኅበሩ መገልገያ ነው፤ በላዩ ላይ የሚለጠፈውን ኮሚቴው በሥርዓት ማስተዳደሩ ሊያስወቅሰው አይችልም። ሊያስወቅሰው የሚችለው ለራሱ ከፍቶ ለሌላው መዝጋቱ ነው። የነባሩ ሊቀመንበር «ያከናወንናቸው ተግባራት» የሚል ጽሑፍ በዚያው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ እንደቆየ በደብዳቤዎ ጠቅሰዋል፤ እንግዲያው ፎቶውን ቀን በሚያሳይ መልኩ አንሥተው ይያዙት። ክርክርዎ «የፈለግሁትን መለጠፍ መብቴ ነው» የሚል ሳይሆን «ለእነርሱ የተፈቀደው ለእኔም ይፈቀድ» የሚል ይሁን። የመጀመሪያው ብዙ ተቃዋሚ ያስነሳል፤ ሁለተኛውን በጉባኤ ፊት እምቢ ማለት የሚደፍር ሰብሳቢ አላጋጠመኝም።

ከቴሌግራም ግሩፑ መውጣትዎ፣ ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ከሁሉ የከበደው ነው። ግሩፑ የስብሰባ ጥሪ፣ የምርጫ ቀንና የአዳራሽ ለውጥ የሚነገርበት ከሆነ፣ ከዚያ የወጣ አባል ከመናገር ብቻ ሳይሆን ከመስማትም ታግዷል፤ ይህም የአባልነት መብቱን ይነካል። አባልን ማገድ የዲሲፕሊን እርምጃ ነው፤ ደንቡ የሚጠይቀውን ክስ፣ መልስና ውሳኔ ሳያሟሉ አንድ የግሩፑ አስተዳዳሪ በስልኩ ሊወስነው አይችልም። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ፦ አባልነትዎን ከመሠረቱ ሊያነሱት የሚሞክሩ ከሆነ ዕጩነትዎም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ መዋጮዎ ከደመወዝዎ መቆረጡን የሚያሳየውን የደመወዝ ወረቀት ያለፉትን ወራት ሁሉ አሰባስበው ይያዙ፤ የሚደርስዎትን የማንኛውም ክስ ደብዳቤ ተቀብለው ቀኑን ጽፈው በጽሑፍ ይመልሱ፤ አልቀበልም ብሎ መመለስ አይጠቅምዎትም።

የአባላቱን ስልክ ዝርዝር እንዲሰጡዎት መጠየቅዎን በተመለከተ ኮሚቴው መከልከሉ ትክክል ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የሰውን ስልክ ያለ ፈቃዱ ለቅስቀሳ ማስተላለፍ በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም። ለሁሉም ዕጩ የሚሠራ መፍትሔ አለ፤ አስመራጭ ኮሚቴው ራሱ የእያንዳንዱን ዕጩ አንድ ገጽ በግሩፑ ላይ በአንድ ቀን ይልቀቀው። ስልክ ከማኅበሩ እጅ አይወጣም፤ መልእክቱ ግን ለሁሉም ይደርሳል።

ሦስተኛው ወገን በወረቀቱ የተነሱት ሰዎች ናቸው። ወረቀትዎ ሦስት አንቀጽ አለው። የመጀመሪያው ላለፉት ሁለት ዓመታት የሒሳብ ሪፖርት ለጠቅላላ ጉባኤ አልቀረበም ይላል። ሁለተኛው ኮሚቴው በሰርቪስ ቻርጅ ክፍፍል ላይ ከማኔጅመንቱ ጋር የተነጋገረበትን ቃለ ጉባኤ ለአባላት አላሳየም ይላል። ሦስተኛው በደማቅ ፊደል «የድሃውን ሠራተኛ መዋጮ የበሉ ሌቦች ዳግም አይመረጡም!» ይላል። ሁለቱን አንቀጾች ሳነብ ማኅበሩ የሚያስፈልገው ሰው ይህ ነው አልሁ፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀመጥሁ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2044 አንድ ሰው በንግግር፣ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ ሌላውን ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም ክብሩንና የወደፊት ዕድሉን የሚጎዳ ነገር ካደረገ ጥፋተኛ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ አስቦ ባያደርገውም። በወንጀል ሕጉም ስም ማጥፋት በተበዳዩ አቤቱታ የሚያስቀጣ ጥፋት ነው። በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 ስም ማጥፋት ወንጀል መሆኑ ቀርቷል የሚሉ አሉ፤ ያ በመገናኛ ብዙኃን አማካይነት ለሚፈጸመው ነው፤ የእርስዎን ወረቀት ይሸፍናል ብለው አይዘናጉ። ሕጉ ግን በሕዝብ ጉዳይ ላይ ለሚሰጥ አስተያየት ሰፊ ቦታ ትቷል። አንቀጽ 2046 ሰውየውን በሌሎች ዘንድ የሚያስነቅፍ ቢሆን እንኳ የሕዝብን ጥቅም በሚመለከት ጉዳይ የተሰጠ አስተያየት ስም ማጥፋት እንዳልሆነ፣ ተናጋሪው ጥፋተኛ የሚሆነው ያለው ነገር ፍጹም ሐሰት መሆኑን እያወቀ ከተናገረ መሆኑን ይገልጻል። አንቀጽ 2047 ደግሞ የተናገረው እውነት መሆኑን ያስረዳ ሰው፣ ዓላማው ለመጉዳት ብቻ ካልሆነ በቀር፣ እንደማይጠየቅ ይደነግጋል። በሠራተኛ መዋጮ የሚተዳደር ማኅበር ሒሳብ የሕዝብ ጉዳይ ነው ብዬ ያለማመንታት እከራከራለሁ። «ሌባ» የሚለው ቃል ግን አስተያየት ተደርጎ አይወሰድም፤ የወንጀል ውንጀላ ነው፤ እውነትነቱን የማስረዳት ሸክሙም የእርስዎ ነው። በእጅዎ ያለው ማስረጃ ሪፖርት አለመቅረቡን እንጂ ገንዘብ መጉደሉን አያሳይም። ምናልባት ገንዘቡ በባንክ ተቀምጦ ይሆናል፤ ምናልባት ሒሳብ ያዡ ሪፖርት መሥራት አቅቶት ይሆናል፤ ምናልባትም በእርግጥ ጎድሏል። ይህን የሚያውቀው ኦዲት ነው።

አንድ ጊዜ በአማካሪነት በተገኘሁበት የማኅበር ምርጫ ላይ ልክ እንዲህ ያለ ወረቀት ተበትኖ ነበር። ሠራተኞቹ መዋጮው የት እንደገባ ሊጠይቁ መጥተው ሙሉ ጠዋት ያለቀው «ሌባ ብሎ ሰድቦናል፣ ይቅርታ ይጠይቅ» በሚል ክርክር ነው። የኦዲት ጥያቄው ለከሰዓት ተላለፈ፤ ከሰዓት የሌሊት ተረኞች ለዕረፍት ሄዱና ምልዓተ ጉባኤው ጎደለ። ሪፖርቱ በዚያ ዓመትም አልቀረበም። አንዲት የልብስ ንጽሕና ሠራተኛ ከአዳራሹ ስትወጣ «እኔ የመጣሁት ሒሳብ ልሰማ ነበር» አለችኝ፤ ለእርሷ የምመልሰው አጣሁ።

ስለዚህ ሦስተኛውን አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ያውጡና በምትኩ እንዲህ ይጻፉ፦ «ከተመረጥሁ በ60 ቀን ውስጥ ያለፉት ሁለት ዓመታት ሒሳብ በውጭ ኦዲተር ተመርምሮ ለጠቅላላ ጉባኤ እንዲቀርብ አደርጋለሁ፤ ነባሩም ኮሚቴ ከምርጫው በፊት የባንክ መግለጫውን እንዲያሳየን እጠይቃለሁ።» ይህ አባባል ማንንም አይሰድብም፤ ከስድቡ ግን የበለጠ ይከብዳል፤ ምክንያቱም መልስ ይፈልጋል። የሰዎችን ስም አይጥሩ፤ «ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው» ይበቃል። የማንንም ብሔር፣ ሃይማኖት ወይም የትውልድ አካባቢ በሩቁም ቢሆን የሚነካ ቃል እንዳይገባ። በወረቀትዎ ላይ የለም፤ ነገር ግን ደጋፊዎችዎ በግል የቴሌግራም ገጾቻቸው የሚጽፉትን አይቻለሁ ብለዋልና እነርሱንም ዛሬውኑ ያስቁሟቸው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን የሚያስፋፋ ንግግርን እስከ 2 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። የማኅበር ምርጫ ከዚህ ነጻ የሆነ መድረክ አይደለም። ከቅጣቱም በላይ፣ ሠራተኛን በዘር የከፈለ ዕጩ ቢያሸንፍም በማግሥቱ ከማኔጅመንቱ ጋር በድርድር ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ግማሽ ማኅበር ይዞ ነው።

የሕጉን ወሰን ደግሞ ሳልደብቅ ልንገርዎት። ምርጫው ፍትሐዊ ባልሆነ መንገድ ቢካሄድ፣ በአሜሪካ አንድ አባል የማኅበሩን የውስጥ ቅሬታ ሥርዓት ከጨረሰ በኋላ ለሥራ ሚኒስቴሩ ያመለክታል፤ ሚኒስቴሩም ራሱ ከሶ ምርጫው በፍርድ ቤት እንዲሰረዝ ሊያደርግ ይችላል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ለማኅበር ምርጫ የተዘረጋ መንገድ የለም። ማኅበሩን የመዘገበው የሥራና ክህሎት አካል የተመረጡትን ሰዎች ስም ይመዘግባል፤ ማን ማሸነፍ እንደነበረበት የመወሰን ሥራ የእርሱ አይደለም፤ እንዲሆንም አልመኝም። የምርጫ ክርክር ወደ ፍርድ ቤት ከሄደ የሚመዘነው ደንቡ ተጥሷል ወይስ አልተጣሰም በሚለው ነው፤ ጊዜም ይወስዳል፤ ውሳኔው ሲመጣ የተመራጮቹ የሥራ ዘመን ሊጋመስ ይችላል። በዚህ ምክንያት ከምርጫው በኋላ ለመክሰስ ከማሰብ ይልቅ ከምርጫው በፊት ያሉትን ሦስት ሳምንታት መጠቀም ይሻላል።

ምክሬ የማያወላውል ነው፤ ወረቀቱን ይዘው ሰሌዳ ለሰሌዳ ከመታገል ይልቅ ደንቡን ለሁሉም እኩል ያስደርጉት። በዚህ ሳምንት ውስጥ ለአስመራጭ ኮሚቴው አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፤ ግልባጩን ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴውና ማኅበራችሁ አባል ለሆነበት ፌዴሬሽን ያድርጉ። ደብዳቤው አራት ነገሮችን ብቻ ይጠይቅ፦ እያንዳንዱ ዕጩ አንድ ገጽ መግለጫ በሰሌዳው ላይ በእኩል ቦታና ለእኩል ቀናት እንዲለጥፍ፤ ይኸው ገጽ በአስመራጭ ኮሚቴው አማካይነት በቴሌግራም ግሩፑ እንዲለቀቅ፤ በጉባኤው ዕለት ከድምፅ አሰጣጡ በፊት ለእያንዳንዱ ዕጩ እኩል ደቂቃ እንዲሰጥ፤ ከግሩፑ የተወገዱ አባላት እንዲመለሱ። አስመራጭ ኮሚቴ ገና ካልተቋቋመ መጀመሪያ የሚጠየቀው እንዲቋቋም ነው፤ የሚወዳደር ሰው ራሱን ሊያስመርጥ አይገባምና። ደብዳቤውን ለጸሐፊው በእጅ ሰጥተው በግልባጩ ላይ ያስፈርሙ፤ አልፈርምም ካለ ሁለት አባላት ባሉበት አስቀምጠው ቀኑንና ሰዓቱን በግልባጩ ላይ ይጻፉ፤ እነርሱም ይፈርሙ።

ለሰው ሀብት ኃላፊው ምንም አይጻፉ። በቃል ለተነገረ ዛቻ በጽሑፍ መልስ መስጠት ጉዳዩን የዲሲፕሊን ፋይል ያደርገዋል። የተባለውን፣ ያለበትን ቀንና በቦታው የነበረውን ሰው ለራስዎ መዝግበው ያስቀምጡ፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ግን በኅብረት ስምምነታችሁ በተወሰነው የቅሬታ ጊዜ ውስጥ፣ ተወዳዳሪ መሆንዎንና አንቀጽ 26ን ጠቅሰው ይመልሱ።

የታረመውን ወረቀት ከማደልዎ በፊት ከደጋፊዎችዎ ላልሆነ አንድ ሰው፣ ቢቻል ለሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ያስነብቡት። «ይህን በምን ታስረዳለህ?» ብሎ የሚጠይቅበት መስመር ካለ፣ ማስረጃው በእጅዎ ከሌለ ያንን መስመር ያውጡት። ያለፉት የሁለቱ ጠቅላላ ጉባኤዎች ቃለ ጉባኤ ግልባጭም ከእርስዎ ጋር ይኑር፤ ሪፖርት አለመቅረቡን የሚያስረዳልዎት እርሱ ነው፤ ኮሚቴው ግልባጩን ከከለከለዎት መከልከሉ ራሱ በወረቀትዎ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ በቀኑና በጥያቄው ደብዳቤ ቁጥር ሊሰፍር ይችላል።